ሮም፣ እማዬና የማይዘጋው ቧንቧ

ባለፈው ሐምሌ፣ ሮም እንደ ምጣድ በጋለችበት ሰሞን፣ እማዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ኮሎሲየም፣ ቫቲካን እያልኩ ፕሮግራም አወጣሁ። እሷ ግን ገና ከሰፈሬ ጥግ አላለፈችም። እዚያ አንድ የብረት ቧንቧ አለ፤ ከጎኑ በወጣው ጎባጣ አፍ ቀን ከሌት ውሃ ይፈሳል። ዙሪያውን ዳበሰችው። መዝጊያ የለውም።

«ይሄን የሚዘጋ ሰው ጠፋ?»

ሮሞች «ናዞኒ» ይሏቸዋል፤ ትልልቅ አፍንጫዎች ማለት ነው። መተከል የጀመሩት በ1874 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)፤ ዛሬ ወደ 2,500 ይጠጋሉ። አፉን በጣት ስትደፍኑት ውሃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ሽቅብ ይፈናጠራል። እንዲያ ነው የሚጠጣው። ላሳያት ብዬ ነጠላዋን አራስኩት። ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች።

አይፈረድባትም። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው «ሽሽሽ» ሲል ብድግ ትላለች፤ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር ትሞላለች። እኔም ቦኖ ተሰልፌ ነው ያደግኩት። (ቦኖ የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያን ጣሊያን ይላል። ቃሉ መጣ፣ ውሃው ቀረ።)

ትሬቪ ወሰድኳት። ፏፏቴው ያለቀው በ1762 ነው፤ ውሃውን የሚያመጣው መስመር ግን ክርስቶስ ከመወለዱ 19 ዓመት በፊት የሮማው የጦር መሪ አግሪጳ ያሠራው ነው። በ537 ጎት የሚባሉ ወራሪዎች ከተማዋን ከበው የውሃ መስመሮቿን ቆራርጠው ነበር። ይሄኛው አብዛኛው ከመሬት በታች ስለሚሄድ፣ እየተጠገነ እኛ ዘመን ደረሰ። እኔን የሚያስቀናኝ ኮሎሲየሙ አይደለም፤ ይሄ «እየተጠገነ» የሚለው ነው።

ቱሪስቱ ሳንቲም ይወረውራል። «ገንዘብ ውሃ ውስጥ? አላበድኩም» አለች። ተለቅሞ ለድሆች መርጃ እንደሚውል ስነግራት አማትባ ሁለት ዩሮ ጣለች።

ፖርታ ካፔና አደባባይም ሄደን ነበር። በ1937 የተዘረፈው የአክሱም ሐውልት በ2003 እስኪነቀል ድረስ የቆመው እዚያ ነው፤ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነው። አበበ ቢቂላም በ1960 በባዶ እግሩ በአጠገቡ አልፏል። «እንኳን ተመለሰ» አለችና ጠርሙሷን የምትሞላበት ቧንቧ ፍለጋ ቀጠለች።

አሁን በየሳምንቱ ስደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ያ ቧንቧ አሁንም ክፍት ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ወይ ጉድ! በል ደህና እደር፣ ዛሬ ሌሊት ተራችን ነው።»