«አራቱንም በአንድ ቀን» ባዮች፣ ኧረ በሕግ!

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዴሞክራት፣ ካሜሮን፣ ሊንከንና ብሮስ የሚባሉትን አራት ተራሮች ከጓደኛ ጋር በአንድ ቀን መዞር ፋሽን ሆኗል። ይሁን። ግን ከዴንቨር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው ምን ይባላል? በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ነው፤ ጫፎቹ ላይ ደግሞ መጠለያ ቀርቶ አንድ ዛፍ የለም። እስከ ስድስት ሰዓት ቁልቁል ለመጀመር፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእግር ጉዞው መነሻ ካይት ሌክ መገኘት ነው።

«11 ኪሎ ሜትር ምን አላት» ይላሉ ደግሞ። መነሻው ራሱ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱ ተደምሮ ከ1,000 ሜትር ያልፋል! ውሃውስ? ለሁለት ሰው አንድ ሃይላንድ። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ያዙ እንጂ። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ «ትንሽ አረፍ እንበል» አይሠራም፤ አየሩ ስስ ነው፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጓደኛም አብሮ ይወርዳል፣ «አንተ ጠብቀኝ» ብሎ ነገር የለም።

የብሮስ ጫፍ የግል መሬት ነው፣ ዝግ ነው። ለፎቶ ብላችሁ አትውጡ፣ መንገዱ ከጫፉ በታች ያልፋል። ቁልቁለቱ ልቅ ጠጠር ስለሆነ ተጠጋግታችሁ ውረዱ፤ ተራርቃችሁ ከሆነ ከላይ ያለው የነካው ድንጋይ ፍጥነት አግኝቶ ነው ታች ያለውን የሚያገኘው።