የሐዋሳ ልጅ በሐዋሳ ስደተኛ አይሆንም

የሐዋሳ ሰዎች፣ በተለይም ልጆቻችሁን በስደተኛ ስም ወደ ውጭ ለመላክ ደላላ ደጅ የምትጠኑ ወላጆች፣ ዛሬ ወቀሳዬ ከእናንተ ጋር ነው።

መናኸሪያው አቅራቢያ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የፍቺ ማመልከቻው፣ የቤት ሽያጭ ውሉ፣ የብድር ዋስትናው ሁሉ በእኔ ማሽን ያልፋል። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው መጡና «ልጄ፣ ይህን ስድስት አድርገህ አባዛልኝ» አሉኝ። የማባዛውን የማንበብ ልማድ የለኝም፤ የዚያን ቀን ግን ዓይኔ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ወደ ካናዳ የሚሄድ ስደተኛ የሚሞላው ማመልከቻ ነው። ጉርዱ ፎቶግራፍ የልጃቸው ነው፤ ስሙ ግን የሌላ ሰው። የትውልድ ቦታ አስመራ ይላል። በእናት ስም ቦታ ላይ ደግሞ እርሳቸው አይተዋት የማያውቋት ሴት ተጽፋለች።

ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እያንሸራተቱ «የእኔ ስም የቱ ጋ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የለም፣ እማማ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቆይተው «ሲደርስ ይስተካከላል ብሎኛል» አሉ። ብሎኛል ያሉት ደላላውን ነው። ሁለት ላምና የዕቁባቸው ብር ሄዷል። ልጁ ትግርኛ እያጠና ነው፤ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በሦስት ሳምንት የአስመራ ልጅ!

እስቲ እንጠያየቅ። ስደተኛ ማለት ምን ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የጄኔቫ ስምምነት ስደተኛ የሚለው ከዜግነት አገሩ ውጭ ያለን፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ እሳደዳለሁ የሚል በቂ ፍርሃት ኖሮት መመለስ ያልቻለን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ ከጦርነትና ከብርቱ ሁከት የሸሸውን ጨመረበት። ሁለቱም ግን ድንበር መሻገርን ይጠይቃሉ። በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከጉጂ ቀዬያቸው የተነቀሉት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መከራቸው ከማንም ባያንስም የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ነው የተባሉት፤ አገራቸው ውስጥ ናቸውና። ታዲያ ሐይቁ ዳር ቆሞ ቆጮውን በዓሣ የሚበላ ጎረምሳ በምን ሒሳብ ስደተኛ ይሆናል?

ካናዳ ውስጥ እስከ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ድረስ አምስት ሰዎች ተሰብስበው በግላቸው ለአንድ ስደተኛ ዋስ ለመሆን ማመልከት ይችሉ ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዋስ የሚሆኑለት ሰው ከአገሩ ውጭ ያለ፣ ባስጠጋው መንግሥት ወይም በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ስደተኝነቱ የታወቀለት መሆን ነበረበት። ማመልከቻው በነፃ ነው የሚገኘው። ደላላው የሸጠላችሁ ወረቀቱን እንዳይመስላችሁ። የሸጠላችሁ የአንድን ስደተኛ ቤተሰብ ቦታ ነው።

ይህ ቦታ እንዴት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ? ሰውየው ድንበር ይሻገራል። በኢትዮጵያ መንግሥት የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎትና በኮሚሽኑ ይመዘገባል፤ አሻራው ይወሰዳል። እንደ ደቡብ ሱዳን ካሉ አገሮች የሚመጡት በጅምላ ተቀባይነት ያገኛሉ፤ ሌላው ለብቻው ቃሉን ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት፣ የመማርና የባንክ አገልግሎት የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ጋምቤላ ወይም ዶሎ አዶ ካለ መጠለያ ባይደርስም። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሰላም ሲሆን ወደ አገሩ መመለስ፣ ካልሆነ እዚሁ ተዋሕዶ መኖር፣ ሁለቱም ካልሆኑ ሦስተኛ አገር መስፈር። በዋስ ካልሆነ በቀር ይህ ሦስተኛው በማመልከት የሚገኝ አይደለም። ሥቃይ የተፈጸመበትን፣ አደጋ ላይ ያለችን ሴት፣ ያለ ሕክምና የሚሞተውን፣ አሳዳጊ የሌለውን ሕፃን ኮሚሽኑ ራሱ ለይቶ ያቀርባል፤ የሚወስነው ተቀባዩ አገር ነው። በዓለም ካሉት ስደተኞች በዓመት ይህ ዕድል የሚደርሳቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም። ቀሪው ይጠብቃል፤ ዐሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት።

እናንተ በሁለት ላም የገዛችሁት ያንን ከመቶ አንድ የማይሞላ ነገር ነው።

«ስደተኛዋ ራሷ ሸጠችልን» ትሉኛላችሁ። ሸጣ ይሆናል። የምትበላው ስታጣ ምን ታድርግ? እ.ኤ.አ. በ2023 የእርዳታ እህል እየተመነተፈ ገበያ ሲወጣ ተገኝቶ፣ የስደተኞች ቀለብ ጭምር ለወራት ቆሞ ነበር። እህሉን የመነተፉት ስደተኞች ነበሩ? ሻጯን በርኅራኄ አልፋታለሁ። ገዢውን ግን አላልፍም፤ አገር አለውና።

ውሸቱ ደግሞ የሚቀረው ከእናንተ ጋር ብቻ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ናይሮቢ ላይ ቤተሰብ ነን የሚሉ አመልካቾችን በዘረመል (ዲኤንኤ) ምርመራ መፈተን ጀመረች፤ ምርመራው ወደ ኢትዮጵያም መጣ። ብዙዎቹ ዝምድናቸውን ማረጋገጥ ሳይችሉ ቀሩ። ስደተኛ ቤተሰቦችን የሚያገናኘው ያ መንገድ ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በእነዚያ ዓመታት እውነተኛ እናት ከእውነተኛ ልጇ ተለይታ ተቀምጣለች፤ ሐሰተኛ ልጅ ቀድሟት ስለ ነበር። ቃለ መጠይቁም ቀልድ አይደለም። ቤተሰቡን ለየብቻ አስገብተው ማጀታችሁ በየት በኩል ነበር፣ ጎረቤታችሁ ማን ነበር፣ አያታችሁ የት ተቀበሩ እያሉ ይጠይቃሉ። የሐዋሳው ልጅ አያት የት ተቀበሩ ሊል ነው? አንዱ ሲሳሳት የሁሉም ጉዳይ አብሮ ይያዛል።

አሁን ደግሞ ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ከጥቂቶች በቀር የስደተኞችን ቅበላ አግዳ ሳለ፣ «አሜሪካ በሦስት ወር» የሚል ሰው በከተማችን ሻይ ቤት ተቀምጦ ብር ይቀበላል። ሰምታችሁ ዝም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ወንበር ስባችሁ ተቀመጣችሁ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የዚያን ቀን ስድስቱን ቅጂ ሠርቼ ሂሳቤን ተቀብያለሁ። እማማ ወረቀቱን በፌስታሉ መልሰው ጠቅልለው «ስሟን ድገምልኝ እስቲ» አሉኝ። የዚያችን ሴት ስም ማለታቸው ነው። ደገምኩላቸው። እንዳይጠፋባቸው በአፋቸው እያነበነቡ ወጡ።

በሳምንቱ ሌላ ሰው ያንኑ ማመልከቻ ይዞ መጣ። አልሠራም አልኩት። ከእኔ ሁለት በር አለፍ ብሎ ካለው ቤት አባዝቶ ሲወጣ በመስኮት አየሁት።