ውርሱን ለማየት ቀለም ቁጠሩ

የጆርጂያ የግጥም ዘውድ ከመካከለኛው ዘመን ገጣሚ ከሾታ ሩስታቬሊ በቀጥታ ለ20ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ለጋላክቲዮን ታቢድዜ ተላለፈ የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ይህ ሐሳብ መንገዱን በጣም አሳጥሮታል። ዘውዱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ እዚያ አገር የቆየ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ አርቺል ገጣሚውን ንጉሥ ቀዳማዊ ቴይሙራዝንና ሩስታቬሊን በግጥም አከራክሯቸዋል።

የሩስታቬሊ ስንኝ 16 ቀለም (ክፍለ ቃል) አለው፤ የአንዱ አንጓ አራቱም ስንኞች በአንድ ቤት ይመታሉ። ተከታዮቹ ይህን ልክ ለዘመናት ደጋግመውታል፤ ብዙዎቹን ያደከማቸውም ይኸው ይመስለኛል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ የኒኮሎዝ ባራታሽቪሊ «መራኒ» (1842 እ.ኤ.አ.)፣ ስለ ጋላቢ ፈረስ የተጻፈው ግጥም፣ ግን 14 ቀለም ሆኖ 5፣ 4፣ 5 እየተባለ ይሰበራል። ጋላክቲዮን በ«ሰማያዊ ፈረሶች» ጋላቢውን ፈረስ ከዚያ ወሰደ፤ ቀለሙም 14 ነው፤ አሰባበሩ ግን 4፣ 3፣ 4፣ 3 ስለሆነ ግልቢያው ሌላ ነው። «እኔና ሌሊቱ» የተባለው ግጥሙ ደግሞ በ16 ቀለም፣ አራት አራት እየተከፈለ ይሄዳል። ስለዚህ ምስሉን ከባራታሽቪሊ፣ ልኩን ከሩስታቬሊ ወርሷል።

አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። በትብሊሲ ባለው የምታጽሚንዳ ተራራ ስም በተሰየመው የጋላክቲዮን ግጥም፣ «የምታጽሚንዳ ጨረቃ» ውስጥ ባራታሽቪሊ የተጠራው መቃብሩ እዚያ ስለነበረ አይደለም። በ1845 በ27 ዓመቱ በጋንጃ ከተማ ሞተ፤ አጽሙ በ1893 ትብሊሲ በዲዱቤ መካነ መቃብር አረፈ፤ ወደ ምታጽሚንዳ የተዛወረው በ1938 ነው። ግጥሙ የሚያነሳው ብቻውን ይመላለስበት የነበረውን ተራራ ነው። እዚያ የተቀበረውና እንደ ንጉሥ ተኝቷል የተባለው አዛውንት ገጣሚው አካኪ ጸረቴሊ ነው። ጋላክቲዮን ወራሽነቱን ያወጀው በባራታሽቪሊና በአካኪ መካከል ቆሞ ነው።