አበጃችሁ፣ ባህል ጠባቂዎች!

ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ ባህል ጠባቂዎች! እናንተ ባትኖሩ ይሄ የሴት መብት የሚሉት ነገር ባህሉን ሙልጭ አድርጎ ይበላው ነበር። ደግሞ ብልሃታችሁ! ልብሱ ተቀየረ፣ ቤቱ ተቀየረ፣ ስልካችሁማ በየዓመቱ ይቀየራል፤ ለዚህ ሁሉ «ጊዜው ነው» አላችሁ። ሴቷ የውርስ ድርሻዬን ስትል ግን ጊዜው ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ባህላችን ነው!» አለቀ። ተሸካሚዋ እሷ፣ ባለቤቱ እናንተ።

አይዟችሁ፣ በዓለም ላይ ብቻችሁን አይደላችሁም። የጃፓኗ ኦኪኖሺማ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የሚመለክባት ሴት አምላክ ናት፤ ሴት ግን አትረግጣትም። የግሪኩ የገዳማት ተራራ አቶስም እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ መዝገቡ ላይ አለ። መነኮሳቱ የእመቤታችን የአትክልት ስፍራ ይሉታል፤ እንኳን ሴት፣ ላምም አትገባም። (ድመት ተፈቅዶላታል፤ አይጥ ሲመጣ መርህ ይላላል መሰለኝ።) ሴትን ማክበር እንዲህ ነው እንጂ፤ ስሟ ውስጥ፣ እሷ ውጭ።

ዋንጫው ግን የሱሞ፣ የጃፓን ባህላዊ ትግል ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይዙሩ በምትባል የጃፓን ከተማ ከንቲባው ትግል የሚካሄድበት መድረክ ላይ ንግግር ሲያደርጉ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሴቶች ሮጠው ወጥተው ደረታቸውን እየተጫኑ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ሲታገሉ፣ በድምፅ ማጉያ «ሴቶች ከመድረኩ ውረዱ» ተባለ። ያውም ተደጋግሞ! ሰውየው ቢሞቱ ይሙቱ፣ መድረኩ ይንጻ። የሱሞ ማኅበሩ ኃላፊ በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ምን ነካቸው? እናንተ ብትሆኑ ፍንክች አትሉም ነበር።

አንዳንድ ነገረኞች ደግሞ ሕግ እየጠቀሱ ይነዘንዟችኋል። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የዩኔስኮ ስምምነት የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ የሚጠብቀው ከሰብአዊ መብት ሰነዶች ጋር የሚጣጣመውን ብቻ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጽሑፉ እንደዚያ ይላል፤ ግን ማን ያነበዋል? በዚያው ዓመት የጸደቀው የአፍሪካ ሴቶች መብት ሰነድ፣ የማፑቶ ፕሮቶኮል ደግሞ በአንቀጽ 17 ሴቶች የባህል ፖሊሲ ሲወጣ በየደረጃው ይሳተፉ ይላል።

እንዴ፣ መች ሳይሳተፉ ቀርተው! ባለፈው «ሴቶችና ባህል» የሚል ስብሰባ አዘጋጅታችሁ አልነበር? መድረኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወንድ ተደርድሮ፣ አንዱ ስለ ሴት ክብር ሲናገር ሌላው ሰዓቱን ያያል። ሴቶቹ የባህል ልብሳቸውን ለብሰው እናንተን ወደ ወንበራችሁ ሸኙ፣ ውሃ አደሉ፣ አበባ አቀበሉ። የቀረበም ቅሬታ የለም፤ ማይክራፎኑም ወደ እነሱ አልሄደም። ይኸው ፎቶው ላይ ከፊት ያቆማችኋቸው እነሱን ነው፣ ሌላ ምን ይጨመርላቸው?