ስፌቱ ውስጥ ጨርቅ የለም

ለልጄ መስከረም ላይ የገዛሁት የትምህርት ቤት ሱሪ ጥቅምት ሳይጋመስ መቀመጫው ላይ ተተረተረ። ልጅ ነው፤ ይሮጣል፣ ይንበረከካል፣ የጅማን ጭቃ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በዚህ አልተናደድኩም።

የተናደድኩት ሂርማታ ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ለሚሰፉት አዛውንት ስወስደው ነው። «ጋሼ፣ ይህችን ይስፉልኝ፤ እግሩንም ትንሽ ያስረዝሙልኝ» አልኳቸው። ሱሪውን ገለበጡና ስፌቱን በጥፍራቸው ከፈት አድርገው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ምኑን ልያዘው? ጨርቅ የለውም እኮ!»

እውነትም የለውም። ከስፌቱ ወዲያ የተረፈው ግማሽ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እሱንም ጠርዙ እንዳይተረተር የሚጠመጠመው የኦቨርሎክ ክር በልቶታል። የእግሩ እጥፋት ከጥፍሬ አይበልጥም። እኛ ልጆች ሳለን ሰፊው ወገቡ ላይ ሁለት ጣት፣ እግሩ ላይ አራት ጣት ጨርቅ ይተው ነበር። የታላቄን ሱሪ ታናሼ እስኪለብሰው ድረስ በየዓመቱ የሚለቀቅ ነገር አይጠፋም።

የሚያበግነኝ ግን ሱሪው ላይ የተንጠለጠለው ካርቶን ነው። አረንጓዴ ቅጠል ታትሞበታል፤ «ከተጣሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች የተሠራ፣ ለምድር ተስማሚ» ይላል። ጠርሙሱ እኮ ተመልሶ ጠርሙስ መሆን ይችል ነበር! ሱሪ ከሆነና ከተቀደደ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ፋብሪካዎቹ ከስፌቱ የቆረጧትን አንድ ሳንቲ ሜትርም «የጨርቅ ብክነት ቀነስን» ብለው ይመዘግቧት ይሆናል። በመቶ ሺህ ሱሪ ሲባዛ ለእነሱ ትልቅ ገንዘብ ነው። ለእኔ ደግሞ በሁለት ወር ሌላ ሱሪ መግዛት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ምርቶች እንዲበረክቱና እንዲጠገኑ ሆነው እንዲነደፉ የሚያስችል ሕግ አውጥቷል። ደግ አደረገ። እኔ የምጠይቀው ግን ከሕግም ያነሰ ነው፤ ልብሱን የሚነድፈው ሰው አንድ ቀን በረንዳ ላይ ከሰፊ ጎን ይቀመጥ። ዋጋው ላይ ጥቂት ብር ጨምሩና ጨርቅ ተዉልን፤ እንከፍላለን። ከድሃ በላይ ልብስ እንዲበረክትለት የሚፈልግ ማን አለ?

እናቴ ስለ «ዘላቂ ንድፍ» ሰምታ አታውቅም። አራት ድርብ ጋቢዋ ሲሳሳ የልጅ ማቀፊያ ሆነ፤ እሱ ሲያልቅ ተቀዶ የምጣድ ማሰሻ ሆነ። ጥጥ ስለሆነ እሳቱንም ዘይቱንም ቻለው። እኔም ሱሪውን እንደ እሷ ላደርገው ቆራረጥኩት። ማሰሻ አይሆንም፤ ከፕላስቲክ የተሠራ ፖሊስተር ነውና ምጣዱ ላይ ይቀልጣል። ትናንት ዝናብ በበሩ ሲገባ ወለል ልወለውልበት ሞከርኩ። እሱንም አይመጥም፤ ውሃውን ከበሩ ወደ አልጋው እየገፋ ወሰደው።