ከየአገሩ የለቀመ አርክቴክት

የአሜሪካዊውን አርክቴክት የሄንሪ ትሮስትን ሥራዎች በተርታ ላየ ሰው ነቀፋው ከአፉ አይርቅም፤ «ይህ ሰው የራሱ የሆነ ነገር የለውም» ይላል። አንዱ ቤት የስፔን ሚሲዮን ይመስላል፣ ሌላው የቺካጎ፣ ሌላው የአሜሪካ ቀደምት ሕንዶች የጭቃ ቤት። እኔ ግን ትሮስትን የምወድደው በዚሁ ልቀማው ነው።

ኦሃዮ ተወልዶ ቺካጎ የሠራው ትሮስት በ1903 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሜክሲኮ ድንበር ላይ ወዳለችው ኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ መጣ። በኋላ ከወንድሞቹ ጋር ትሮስት ኤንድ ትሮስት የተባለውን ቢሮ አቋቋመ። አንዱ ወንድም ጉስታቨስ አዶልፈስ፣ ሌላው አዶልፈስ ጉስታቨስ ይባላሉ፤ ወላጆቻቸው ስም ሲያወጡ ብዙ የደከሙ አይመስልም። ሄንሪ ይነድፋል፣ መሐንዲሱ አዶልፈስ ያሰላል። በዚህ አኳኋን ሄንሪ እስከ ሞተበት እስከ 1933 ድረስ በቴክሳስ፣ በኒው ሜክሲኮና በአሪዞና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕንጻዎች ተሠሩ።

በ1911 ያጠናቀቁት ሚልስ ሕንጻ 12 ፎቅ ነው፤ የቆመውም በአርማታ ነው። ያን ጊዜ ረጅም ሕንጻ ሲባል አጥንቱ ብረት ስለነበር ለአንዲት የድንበር ከተማ ይህ ድፍረት ነበር። ባለቤቱ አንሰን ሚልስ ደግሞ በ1859 የከተማዋን መንገዶች የቀየሰው ሰው ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኤል ፓሶው የማዕድን ትምህርት ቤት ነገር ነው። በ1916 ዋናው ሕንጻ ተቃጠለ። የዲኑ ባለቤት ካትሊን ዎረል በ1914 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የወጡትን የሒማላያዋን አገር የቡታንን ፎቶግራፎች አይታ ነበርና፣ አዲሱ ሕንጻ ለምን እንደዚያ አይሠራም አለች። ሒማላያና የቴክሳስ በረሃ! ቀልድ ይመስላል። የትሮስት ቢሮ ግን ሐሳቡን ተቀብሎ ነደፈው፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣም ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ጣሪያው ከግድግዳው እጅግ አልፎ ስለሚወጣ በቀትር ጥላው መስኮቶቹ ላይ ይወድቃል። ከጣሪያው ሥር የጡብ ቀበቶ ይዞራል፣ በቀበቶው ላይም ክብ ጌጦች ተሰክተዋል። ሥራው በ1917 አለቀ። ከተራቆተው ተራራ ሥር ቆሞ ሲታይ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይመስልም። ሐሳቡ ከመጽሔት መምጣቱ ምን ይጎዳል? ፀሐይዋ ሕንጻው ከየት እንደተቀዳ አትጠይቅም።

ሁሉም ሥራዎቹ ግን እንዲህ አልታደሉም። በአልበከርኪ በ1923 የሠሩት፣ የቀደምት ሕንዶችን አሠራር የተከተለው ፍራንሲስካን ሆቴል በ1972 ፈረሰ። ያፈረሱት ሰዎች ምን እንደሚያፈርሱ ቢገባቸው ኖሮ እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ትምህርት ቤቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ሕንጻዎቹም በአብዛኛው የቡታንን መልክ ተከትለዋል። ቡታናውያንም በ2008 በዋሽንግተን ለሕዝብ ያሳዩትን፣ በባለሙያዎቻቸው እጅ የተቀረጸና የተቀባ ቤተ መቅደስ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ከ2015 ጀምሮ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከትሮስት ሕንጻ ጋር ጎረቤት ሆኖ ቆሟል።