«ዕድሜ ነው» ለሁለተኛው ስብራት መልስ አይሆንም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ አንዲት ደዋይ፣ እናቷ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱም ዳሌያቸው መሰበሩን ተናግራ፣ ሁለተኛውን ማስቀረት ይቻል እንደነበር ጠየቀች። እንግዳው ሐኪም ነገሩ የዕድሜ መሆኑንና አረጋዊ ሰው መውደቁም መሰበሩም እንደማይቀር ነግረው አለፉ። ደዋይዋ አመስግና ስልኩን ዘጋች፤ እኔ ግን ይህንን መልስ ከሐኪም ስሰማ የመጀመሪያዬ ስላልነበር ዝም ብዬ ልውጠው አልቻልሁም።

አክስቴ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲወጡ ከበረንዳው ደረጃ ተንሸራትተው ቀኝ ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ብረት ገባላቸው። ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀት ቁስሉ የሚታይበትን ቀን፣ ስፌቱ የሚወጣበትን ቀንና የማስታገሻውን ስም ይዟል፤ አንድ ስንዝር ከማትሞላ ደረጃ የወደቀ ሰው አጥንቱ ለምን እንደሚሰበር የሚጠይቅ መስመር ግን የለበትም። ያንኑ ሶሉ ያለቀ ነጠላ ጫማ ተጫምተው፣ ግድግዳ እየያዙ፣ መብራት በሌለው በዚያው በረንዳ መመላለሳቸውን ቀጠሉ። በአሥራ አራተኛው ወር ግራው ተሰበረ። ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው የሚለየው በቀኑና «ቀኝ» የነበረው «ግራ» በመባሉ ብቻ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የዕድሜ ከሆነ መድኃኒት ለውጥ ባላመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ የተሰበረ ዳሌያቸው በቀዶ ሕክምና ከተጠገነላቸው ከ2,100 የሚበልጡ ሰዎች መካከል ግማሾቹ በ90 ቀናት ውስጥ፣ ከዚያም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ የአጥንት መሳሳትን የሚያክመው ዞሌድሮኒክ አሲድ የተባለው መድኃኒት በደም ሥር ተሰጣቸው፤ የቀሩት መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ወሰዱ። ዕድሜያቸው ተመሳሳይ ነው፤ ቫይታሚን ዲና ካልሲየምም ለሁሉም ተሰጥቷል። ሆኖም አዲስ ስብራት የደረሰባቸው መድኃኒቱን ካላገኙት 13.9 በመቶ፣ ካገኙት ደግሞ 8.6 በመቶ ሆኑ። የሞቱትም ከ13.3 በመቶ ወደ 9.6 በመቶ ወረዱ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት የዕድሜ ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። የተሰበረው ዳሌ የታመመው አጥንት የመጀመሪያ ጩኸት ነው፤ እኛ ግን ጩኸቱን በብረት አፍነን በሽታውን ወደ ቤቱ እንሸኘዋለን።

የአጥንት ጥግግት መለኪያ መሣሪያ የለንም የሚለውን ሰበብም አልቀበለውም። ቆሞ ሳለ ወድቆ ዳሌው የተሰበረ አረጋዊ አጥንቱ መሳሳቱን ስብራቱ ራሱ ተናግሯል፤ በዚያ ጥናት ለመሳተፍም ቢሆን ልኬት ቅድመ ሁኔታ አልነበረም። ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች መድኃኒቱ እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ለእነርሱ ሌላ መላ መፈለግ ሲገባ የሌሎቹን ሁሉ ሕክምና ማስቀረት ግን ስንፍና ነው።

ቸልተኝነቱ የድህነት ብቻ አለመሆኑን ደግሞ አሜሪካ ታሳየናለች፤ በዚያ ሀብታም አገር ከዳሌ ስብራት በኋላ የአጥንት መድኃኒት የሚያገኙ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ2002 ከነበሩበት 40 በመቶ በ2011 ወደ 21 በመቶ አሽቆልቁለዋል። በአንጻሩ የስኮትላንዷ ግላስጎው ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምራ ዕድሜው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ አጥንቱ የተሰበረን ሰው ሁሉ ተከታትሎ አጥንቱን የሚመረምርና ሕክምና የሚያስጀምር አገልግሎት ዘርግታለች፤ ሥራውን በዋናነት የሚያከናውኑትም ነርሶች ናቸው። ነርስ እኛም አለን። ወደ መውደቁም ስንመጣ፣ አረጋውያኑን የደም ግፊት መድኃኒታቸው ሲነሡ ያዞራቸው እንደሆነ፣ ማታ የእንቅልፍ ክኒን ይወስዱ እንደሆነ፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት እንደሆነ ለመጠየቅ ምን ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል?

የደዋይዋ እናት አሁን ሁለቱም ዳሌያቸው ብረት ይዟል። የጀርባ አጥንታቸውና የእጃቸው አንጓ ግን ገና አልተነካም፤ ሐኪሙም ስለ እነርሱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።